ልጁን ከሶፍ አታውጡት!

  

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ለተማሪያቸው ለዐጣእ ከጀነት ሰዎች አንዷን ላሳይህ ብለው አንዲት ጥቁር ሴት ማሳየታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሴትየዋ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርባ በሽታው ሲጥላት ገላዋ እንደሚገለጥ ነገረቻቸውና ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እሳቸውም ብትታገስ ጀነት እንዳላት፣ ከፈለገችም እንድትድን አላህን እንደሚለምኑላት ገልጸው ምርጫውን ለራሷ ተዉላት። እሷም ትዕግሥትን መረጠች። ነገር ግን አንድ ነገር አስከትላ ለመነች፤ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለዚሁ ዱዓ አደረጉላት።

ይህ ሐዲስ ስለ ሶብር ሲሰበክበት ደጋግመን ሰምተናል። ለመሆኑ ሴትየዋን ከበሽታው ይበልጥ ያስጨነቃት ምን እንደነበር ልብ ብለን እናውቃለን? በሰው ፊት መዋረዷ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ጭንቀቷን አላቃለሉባትም።

ወደዚህ ነገር የመራኝ ባለፈው ረመዳን በአንድ መስጊድ ያየሁት ነው። ተራዊሕ ላይ ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ የሚሆን ልጅ ከአባቱ ጎን ቆሟል። ዓይኖቹን ያርገበግባል፣ አንገቱን ወደ ጎን ይወረውራል፣ በየመሐሉም ጉሮሮውን እየጠረገ አጭር ድምፅ ያወጣል። ኢማሙ እንዳሰላመቱ አንድ ትልቅ ሰው ልጁን በጆሮው ይዘው ከሶፍ አወጡት። አባቱ ምንም አልተናገረም። ጫማቸውን አንሥቶ ልጁን ይዞ ወጣ። ሰውየው ክፉ ሰው ናቸው ለማለት አልደፍርም፤ ኹሹዓችን ተረበሸ፣ ልጁም ቀልደኛ ነው ብለው አስበው ይሆናል። ልጁ ግን አልቀለደም።

ቱሬት የሚባል የነርቭ ሕመም አለ። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 የዘጠኝ ሕሙማንን ሁኔታ መርምሮ ከጻፈው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ወንዶች ልጆችን ከሴቶች ይልቅ በሦስትና በአራት እጥፍ ያጠቃል። ሐኪሞች ቲክ የሚሏቸው ድንገተኛና ተደጋጋሚ እንቅስቃሴዎችና ድምፆች ዋነኛ ምልክቶቹ ናቸው፤ ዓይን ማርገብገብ፣ ትከሻ መነቅነቅ፣ ፊት ማጨማደድ፣ ማነፍነፍ፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ አንዳንዴም መጮህ። ሕመሙ ቱሬት የሚባለው ቢያንስ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴና አንድ ዓይነት ድምፅ ታይቶ፣ ከጀመረ ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆይ ነው። ሕሙማኑ ሁሉ ተሳዳቢ ናቸው የሚባለው ሐሰት ነው። ሳይፈልጉ ጸያፍ ቃል የሚያመልጣቸው ከአሥሩ አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ቲኩን ለጥቂት ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ «ሲፈልግ ይተወዋል፣ ታዲያ እልህ ነው እንጂ ምን ሊባል ነው?» ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ የመጣብህን ማስነጠስ አፍነህ ሞክር። ትንሽ ትይዘዋለህ፣ እየከበደህ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ያመልጥሃል። ልጁም ከቲኩ በፊት እንደ ማሳከክ ያለ ስሜት ይሰማዋል፣ የሚቀለውም ሲለቀው ነው። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት አፍኖ የዋለ ልጅ ቤቱ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣበታል። እናቱም «ለመምህሩ ጨዋ፣ ለእኔ ባለጌ» ብላ ታዝናለች። እንዲያውም ከእሷ ዘንድ የለቀቀው ቤቱ ስለሆነ፣ አፍኖ መዋል ስላደከመው ነው። ድካም፣ ጭንቀትና ከፍተኛ ደስታ ቲኩን ያበዙታል። ቁጣም ያብሰዋል። «ተው!» በተባለ ቁጥር ሐሳቡ ወደዚያው ይሳባልና።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ ልጆቻችን ሶፍ ውስጥ መቆም የሚለማመዱበት፣ ቁርኣን ቤት የሚውሉበት ዕድሜ ነው። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ በሶላት ጉዳይ እንዲቀጣ የሚናገረውን ሐዲስ ጠቅሶ አለንጋ የሚያነሣ ይኖራል። ወንድሜ፣ ሐዲሱ የሚያወራው ሶላትን ስለ ተወ ልጅ ነው። ይህኛው ልጅ እኮ ሊሰግድ መጥቷል!

ሌላው ጂን ነው። በጂን መኖር እናምናለን፣ ቁርኣን ነግሮናልና። ሩቃም ሱና ነው፤ እናት ማታ ማታ ፋቲሓን፣ ፈለቅንና ናስን ቀርታ ልጇን ብታብስ መልካም አደረገች። ይሁን እንጂ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ጂን ነው እያሉ ልጅን ማሰር፣ በጭስ ማፈን፣ መግረፍ ከየትኛው ሱና ተገኘ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያቺን ሴት አላሰሯትም፣ አላስገረፏትም። ታከሙ ብለው ያዘዙንም እሳቸው ናቸው።

መስጊድ ውስጥ ስለሚሰማው ድምፅስ? አንድ ገጠሬ ዐረብ መስጊድ ውስጥ ሽንቱን ሲሸና ባልደረቦቻቸው ሊነሡበት ቢሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስኪጨርስ እንዲተዉት አዝዘው በቦታው ላይ ባልዲ ውኃ አስፈሰሱበት። ያ ሰው ባለማወቅ ይሁን እንጂ በፈቃዱ ያደረገው ነው፤ የእኛ ልጅ ግን ፈቃድ የለበትም። የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሶላቱን የሚያሳጥሩትም እሳቸው ነበሩ። ሕፃኑ እንዲወጣ አላዘዙም።

በሶላቱ ትክክለኛነት ላይ ጥርጣሬ ላደረበት አባት ደግሞ የፊቅህ መጻሕፍት በር አልዘጉበትም። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማዎች ሳል አሸንፎት ጥቂት ድምፅ ያመለጠውን ሰው፣ እከክ ኖሮበት ከማከክ መታገስ ያቃተውንም ሰው ዑዝር አለው ብለዋል። የዝርዝሩን ፈትዋ ከዓሊሞቻችን መጠየቅ ይሻላል፣ ወላሁ አዕለም።

ሕክምናን በተመለከተ ሁሉም ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም። ቀላል ከሆነ ጉዳዩን ማስረዳትና ልጁን በሰላም መተው ይበቃል። የብዙዎቹ ቲክ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ለከበደበት ልጅ ቲኩ ሊመጣ ሲል የሚሰማውን ስሜት ለይቶ ሌላ የማይታይ እንቅስቃሴ እንዲተካበት የሚያሠለጥን ዘዴ አለ። በ126 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ጥቅሙን አሳይቷል። መድኃኒትም አለ፣ የጎንዮሽ ጉዳት ስላለው ግን ሐኪም ያዘዘው ብቻ ይወሰድ። ትኩረት ማጣትና ደጋግሞ የማጠብ ወይም የመቁጠር ግዴታ አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ (ዉዱእ አልሞላልኝም እያለ ደጋግሞ የሚታጠብ ልጅ ካለ አስቡበት) ለሐኪሙ ሁሉንም መንገር ይገባል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ጥቁር አንበሳም ሆነ አማኑኤል ሆስፒታል ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። «አማኑኤል ሄደ» ይሉኛል ብሎ መፍራት ልጁን ከመጉዳት ሌላ የሚፈይደው የለም።

እግር ኳስ ለሚወዱ ልጆቻችሁ የቀድሞውን የአሜሪካ በረኛ የቲም ሃዋርድን ነገር አጫውቷቸው። ቱሬት ያለበት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ከቤልጅግ ጋር በተደረገው ጨዋታ ብዙ ኳስ አድኗል፤ ቡድኑ ግን 2 ለ 1 ተሸንፏል።

ለኡስታዞች አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲቀራ ድምፁ ቢያመልጠው ዝም ብላችሁ እለፉት፤ ሌሎቹም ከእናንተ አይተው ያልፉታል። ሲጨንቀው ሳያስፈቅድ ወጥቶ ተናፍሶ እንዲመለስ ንገሩት። ኢማሞችም ከጁሙዓ በኋላ ሁለት ደቂቃ ወስደው ስለ ሕመሙ ለጀመዓው ማስረዳት ይችላሉ፤ የልጁን ስም ሳይጠሩና ወደ ቆመበት ሳያመለክቱ። አባቱ ደግሞ ልጁን ከሶፉ ጫፍ፣ ከበሩ አጠገብ ከራሱ ጎን ያቁመው፤ ልጁ ከደከመው ደግሞ ከስምንት ረከዓ በኋላ ይዞት ወደ ቤቱ ይሂድ።