ባለ አውድማው ሳይጠየቅ

በየአጥቢያው የሚዲያ ክፍል የሚያገለግሉ ወጣቶች አሁን አሁን አንድ ዘዴ ለምደዋል። ለኮንፈረንስ ፖስተር የሚሆን ሥዕል ከቴሌግራም ያገኛሉ፤ ሥዕሉ ግን የሰው ነው። እንዳለ ቢወስዱት ስርቆት እንደሚባል ያውቃሉ። ስለዚህ ሥዕሉን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጡትና በቃላት እንዲገልጽላቸው ያዙታል። የወጣውን ጽሑፍ፣ ማለትም ፕሮምፕቱን፣ መልሰው ለምስል አመንጪው ይሰጡታል። ያን የሚመስል፣ ግን ያው ያልሆነ ሥዕል በደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ሚድጆርኒ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚሁ የሚሆን ትእዛዝ አውጥቷል፤ አንድ ምስል ሲሰጡት አራት ፕሮምፕቶች ይመልሳል።

ታዲያ ሥዕሉ ወደ ቃል፣ ቃሉ ወደ ሥዕል ሲመለስ፣ የመጀመሪያው ሠዓሊ ድርሻ በመካከሉ ቀርቷል ማለት ነው? «ቃል የማንም አይደለም» የሚል መከራከሪያ ደጋግሞ ይሰማል። እውነትነት አለው። ጀንበር ስትጠልቅ ኮረብታ ላይ የቆመ እረኛ ብሎ መጻፍን ማንም ሊከለክለን አይችልም። መሣሪያዎቹ የሚጽፉት ግን ይህን ብቻ አይደለም።

ክሊፕ ኢንተሮጌተር የሚባለውን እንውሰድ። መጀመሪያ በምስሉ ላይ የሚታየውን ባጭሩ ይገልጻል። ቀጥሎ ምስሉን አስቀድመው ከተዘጋጁ ዝርዝሮች ጋር ያስተያያል፤ ከዝርዝሮቹ አንዱ በሺዎች የሚቆጠሩ የሠዓሊዎች ስም ነው። ለምስሉ ይቀርባል ያለውን ስም መርጦ ፕሮምፕቱ ላይ ይለጥፋል። ልብ በሉ፤ ማን እንደሣለው አይመረምርም፤ የማንን ሥራ እንደሚመስል ብቻ ይገምታል። ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ የሐዋሳ ወይም የጅማ ሠዓሊ ሥራ ቢገባበት፣ በባሕር ማዶ ሰው ስም ተጠርቶ ሊወጣ ይችላል። አያታችሁ ቡና ሲያፈሉ ያነሣችሁት ፎቶ እንኳ የማታውቁት ሠዓሊ ስም ሊለጠፍበት ይችላል። እኔ እዚህ ላይ ከስርቆት ይልቅ ስለ ሐሰት ምስክርነት የተሰጠው ትእዛዝ ይታየኛል።

ስሙ የሚለጠፍበት ሰውስ? ግሬግ ሩትኮቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ሠዓሊ አለ፤ ዘንዶና ጦረኛ የሞላባቸውን የተረት ዓለም ሥዕሎች በመሥራት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ስቴብል ዲፊውዥን ሲለቀቅ ስሙን በየፕሮምፕቱ እንደ ቅመም ይነሰንሱት ጀመር። ሌክሲካ በተባለው የፕሮምፕት ማከማቻ ብቻ በዚያው ዓመት 93 ሺህ ጊዜ ያህል ተቆጥሯል። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ እሱ ያልሠራቸው ሥዕሎች ይመጡበት እንደነበር ቅሬታውን በአደባባይ ተናግሯል። በኅዳር የወጣው ሁለተኛው ስቴብል ዲፊውዥን ለስሙ እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አለ። ተጠቃሚዎች ግን አልተዉትም፤ በ2023 የእሱን አሣሣል የተማረ ተጨማሪ ሞዴል ሠርተው መለሱት። ቅሬታው እየታወቀ ማለት ነው።

ከሌላ ሥራ መቅዳት በራሱ ኃጢአት ነው ለማለት ግን አልደፍርም። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ውስጥ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ነበር፤ የአንቶኒዮ ቴምፔስታ ሥዕሎች ያሉበት። ኅትመቱ ወደ አገራችን ደርሶ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የብራና ሠዓሊዎቻችን ወንጌል ሲያስጌጡ ከእሱ ቀድተዋል። ጥቁርና ነጭ የነበረው በእጃቸው ቀለም ለበሰ፤ ፊቱም አለባበሱም ወደ እነርሱ አሣሣል ዞረ። ይህን ለማድረግ እያንዳንዱን መስመር በዐይናቸው መከተል፣ በእጃቸው መድከም ነበረባቸው። ቴምፔስታም በኢትዮጵያ የሚያጣው ገበያ አልነበረውም። የዛሬው ሠዓሊ ግን ቀለምና ዳቦ የሚገዛው እኛ ልናዝዘው ከምንችለው ሥራ ነው፤ ጎረቤታችን ነው።

መድከሙን ካነሣሁ አይቀር፦ አንድን ሥዕል ተቀምጦ ማየትና ያዩትን በራስ ቃል መጻፍ ግሩም ልምምድ ነው። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ሴትዮዋ ለምን ወደ በሩ እንደምትመለከት ለመናገር ስትሞክሩ፣ ቀድሞ ያላስተዋላችሁት ነገር ይገለጥላችኋል። መሣሪያው ማየቱን በእናንተ ፈንታ ሲሠራ ይህ ይቀርባችኋል። ለምስል አመንጪ የሚጽፍ ሰውም ቢሆን ያየውን ሕይወት፣ የተራመደበትን መንደር በራሱ ቃል ቢጽፍ ቅር አይለኝም።

የሚያሳስበኝ «ለጌታ ሥራ እኮ ነው» የምንለው ነገር ነው። ዳዊት በኢያቡሳዊው ኦርና አውድማ መሠዊያ ሊሠራ በሄደበት ቀን ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ነበረው፤ ሕዝቡ በቸነፈር እያለቀ ነበር። ጊዜ አልነበረም። ኦርናም በገዛ ፈቃዱ በሬዎቹን ለመሥዋዕት፣ የመውቂያ ዕቃውንና ቀንበሩን ለማገዶ በነጻ ልስጥህ አለው። ንጉሡ እምቢ አለ፤ ዋጋ ያልከፈለበትን ለአምላኩ ሊያቀርብ አልወደደም። አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር ገዛ። ኦርና ስጦታውን ራሱ አቅርቦ ነበር፤ በፖስተራችን ላይ የታየው ሠዓሊ ግን እንኳን ሊሰጠን፣ እንደወሰድንበትም አያውቅም። አምልኮ የምንለው ነገር በውስጡ የሌላ ሰው ያልተከፈለ ድካም ካለበት፣ መሠዊያው ላይ የወጣው የማን በሬ ነው?

በጀት የለንም ይባላል። ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ግን ሲገኝ አይቻለሁ። ብዙ ሠዓሊዎች ከሥራቸው ሥር አድራሻቸውን ይጽፋሉ፤ ሥዕሉን ለመጠቀም መጠየቅ የአንድ መልእክት ሥራ ነው፤ አዲስ ሥዕል ማዘዝ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከመካከላቸው አገልግሎታችሁን ወድዶ በነጻ የሚሰጥ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ስሙን በፖስተሩ ግርጌ በጉልህ ጻፉለት። እምቢ ያለ እንደሆነም የኮንፈረንሱ ቀንና ቦታ በጥሩ ፊደል ብቻውን ይውጣ።