ኃይል ሁሉ አምላክ አይደለም፤
በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ስለሚታየው እምነት

ሰው ገና ያልደረሰበትን ዘመንና ያልረገጠውን ዓለም በሐሳብ እየሣለ የሚተርክ ድርሰት ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይባላል። በቴሌቪዥን በተከታታይ ሲቀርብ የጠፈር መርከቦችና እንግዳ ፍጥረታት ስለሚበዙበት፣ ብዙዎች የወጣቶች መዝናኛ ብቻ አድርገው ይመለከቱታል። ይሁን እንጂ ከመርከቡና ከመሣሪያው በስተጀርባ ደራስያኑ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ብርቱ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የሰው ዕውቀት እጅግ በረቀቀበት ዘመን እምነት ምን ቦታ ይኖረዋል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆቻችንም የሚጠይቁት ስለሆነ፣ ወላጆችና ካቴኪስቶች በማስተዋል ሊመለከቱት ይገባል።

«ስታር ትሬክ» የተባለው ተከታታይ ድርሰት በአሜሪካ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። መሥራቹ ጂን ሮደንበሪ በፕሮቴስታንት ቤተሰብ አድጎ በኋላ ከሃይማኖት የራቀ ሰው ነበር። በሣለው መጪ ዘመን የሰው ልጆች ድህነትንና የእርስ በርስ ጦርነትን ድል ነሥተዋል፤ ሃይማኖትንም በአብዛኛው እንደ ሕፃንነት ልብስ አውልቀው ትተውታል።

እ.ኤ.አ. በ1987 ከተጀመረው «ቀጣዩ ትውልድ» ከተሰኘው ተከታይ ድርሰት፣ በ1989 የታየ አንድ ክፍል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የምድር ተመራማሪዎች በሌላ ዓለም የሚኖርና ኑሮው ገና በነሐስ ዘመን ያለ ሕዝብ በስውር ያጠናሉ። ሕዝቡ የቀድሞ አባቶቹን አማልክት ትቶ በምክንያት ማሰብን የለመደ ነው። ከመካከላቸው ሊኮ የተባለ ሰው ስውሩን ጣቢያ ሲመለከት አደጋ ደርሶበት ክፉኛ ይጎዳል፤ ወደ ጠፈር መርከቡም ተወስዶ በሕክምና ይድናል። ሊኮ ግን የመርከቡን አዛዥ ፒካርድን አይቶ ነበርና፣ «ከሞት የመለሰኝ አምላክ ነው» ብሎ ለወገኖቹ ይናገራል። ፒካርድ ይህን ስግደት አይቀበልም። አምላክ መስሎ ትእዛዝ እንዲሰጣቸው ሲመከርም፣ ሕዝቡን ወደ ፍርሃትና ወደ አጉል እምነት መመለስ ይሆናል ብሎ እምቢ ይላል። የሕዝቡን መሪ ኑሪያን ወደ መርከቡ አምጥቶ፣ ሐኪሞቹ ሊያድኗት ያልቻሉ ሴት ስትሞት ያሳያታል። በመጨረሻም ሊኮ አምላክነቱን ለማረጋገጥ ቀስት ይወረውርበታል፤ የፈሰሰው ደሙም ሟች ሰው መሆኑን ይመሰክራል።

በዚህ ታሪክ ክርስቲያን ሊቆጣ ይገባዋልን? አይገባውም። ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራን ሽባውን ሰው ባዳኑ ጊዜ፣ ሕዝቡ አማልክት ናቸው ብሎ ሊሠዋላቸው ሲነሣ ልብሳቸውን ቀድደው ከለከሉት (የሐዋ. 14፣8-18)። ጌታችንም ሕዝቡ እንጀራ ከበላ በኋላ ሊያነግሠው እንደ ፈለገ ባወቀ ጊዜ ብቻውን ወደ ተራራ ፈቀቅ አለ (ዮሐ. 6፣15)። ስለዚህ ከሰው የበለጠ ኃይል ያለውን ሁሉ ማምለክ ጣዖት አምልኮ ነው የሚለውን ቤተ ክርስቲያን ከፒካርድ አስቀድማ ታውቀዋለች።

የድርሰቱ ጉድለት ከዚህ ቀጥሎ ይታያል። ሐሰተኛውን አምላክ ካፈረሰ በኋላ ስለ እውነተኛው የሚጠየቀውም ጥያቄ የተፈታ ይመስለዋል። እኛ የምናምነው እግዚአብሔር ግን በዓለም ካሉት ኃያላን የሚበልጥ አንድ ሌላ ኃያል አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ እንዳስተማረው፣ ፍጡራን ሁሉ ህልውናቸውን የሚቀበሉበት ምንጭ ነው እንጂ ከእነርሱ ጋር የሚቆጠር አንድ ነገር አይደለም። እንዲህ ከሆነ፣ የትኛውም መሣሪያ ቢሠራ የእርሱን ስፍራ ሊወስድ አይችልም። ደግሞም ሊኮ ፒካርድን የለመነው በጎርፍ የሞተችበትን ሚስቱን እንዲያስነሣለት ነበር። ፒካርድ አምላክ አለመሆኑን ሲረዳ ስሕተቱ ተወገደለት፤ ኀዘኑ ግን መልስ አላገኘም።

ወደዚህ ጥልቅ ጥያቄ ጠጋ ያለው «ባቢሎን 5» የተባለው ድርሰት ነው። ደራሲው ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ በእግዚአብሔር መኖር እንደማያምን በግልጽ የተናገረ ሰው ቢሆንም፣ እምነትን በአክብሮት ጽፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በታየው አንድ ክፍል ኤድዋርድ የሚባል ትሑት መነኩሴ ይቀርባል። የእምነትህ ልብ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ጌቴሴማኒን ይጠቅሳል፤ ክርስቶስ ሊይዙት ከሚመጡት ማምለጥ ሲችል በዚያ መቆየቱን ያወሳል፤ እርሱ ራሱ ይህን ያህል ድፍረት ይኖረው እንደሆነም እርግጠኛ አይደለም። በኋላ ግን አንድ አስፈሪ ነገር ይደርስበታል። በቀድሞ ሕይወቱ ብዙ ሰዎችን የገደለ ወንጀለኛ ኖሯል፤ መንግሥትም በሞት ፈንታ ትዝታውንና ማንነቱን ደምስሶ፣ ሌሎችን የሚያገለግል አዲስ ሰው አድርጎታል። «የማላስታውሰውን ኃጢአት እንዴት ልናዘዝ?» ብሎ ይጨነቃል። የሟቾቹ ዘመዶች ሊበቀሉት ሲመጡም ሳይሸሽ ይጠብቃቸዋል፤ በእጃቸውም ይሞታል። ከገዳዮቹ አንዱ ተይዞ በተመሳሳይ ቅጣት ትዝታው ይደመሰስና በዚያው በመነኮሳቱ ማኅበር አዲስ ወንድም ሆኖ ይቀርባል። የጣቢያው አዛዥ እጁን ለመጨበጥ ይከብደዋል፤ በመጨረሻ ግን ይጨብጠዋል።

ለኤድዋርድ ጭንቀት ቤተ ክርስቲያን መልስ አላት። ኅሊናውን በቅንነት መርምሮ ለሚናዘዝ ሰው፣ ያላስታወሰው ኃጢአት ከተናዘዘው ጋር ይሰረይለታል ብላ ታስተምራለች። ድርሰቱንም በአንድ ነገር እናርመዋለን፤ ጸጋ ትዝታን አይደመስስም። ጴጥሮስ መካዱን አልረሳም፤ ጳውሎስም ቤተ ክርስቲያንን ማሳደዱን እስከ መጨረሻው ይናገር ነበር። መንግሥት አሮጌውን ሰው አጥፍቶ በስፍራው ሌላ ሰው ሊያቆም ይመኝ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ግን ያንኑ የበደለውን ሰው ይፈውሰዋል። ይህም ሆኖ፣ የማያምን ደራሲ የእምነታችንን ልብ በኃይል ሳይሆን በጌቴሴማኒ መፈለጉ ሊያስደንቀን ይገባል።

ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲታዩ ለእኛ አንድ ጥያቄ ያስቀራሉ፤ ይኸውም በቁምስናችን ለልጆች የምንሰብከው የትኛውን አምላክ ነው? ዝናብና ነጐድጓድ ስለማይገባን እግዚአብሔር አለ ብለን ካስተማርን፣ ልጁ የዝናብን ምክንያት በተማረበት ቀን እምነቱን ከእጁ እንነጥቀዋለን። የአጽናፈ ዓለምን መስፋፋት እ.ኤ.አ. በ1927 በጥናት ያሳወቁት ቤልጂጋዊው ካህን ዦርዥ ለሜትር እንኳ፣ ሳይንሳዊ ሐሳባቸው የሃይማኖት ማረጋገጫ ተደርጎ እንዲወሰድ አልፈለጉም። ዕውቀት ባደገ ቁጥር የሚጠብ አምላክ፣ መጀመሪያውንም የአብርሃም አምላክ አልነበረም።

እንግዲህ ልጆቻችን እንዲህ ያሉትን ታሪኮች ሲያዩ መከልከል ብቻ አይበቃም። አብረን ተቀምጠን እንጠይቃቸው፤ «እዚህ የተመለከው ማን ነው? የተመለከው ስለ ኃይሉ ነው ወይስ ስለ ፍቅሩ? ያዘነው ሰውስ መጽናኛ አገኘን?» ይህን መለየት የተማረ ልጅ ማንም ባለ መሣሪያ በፊቱ ቢቆም አይሰግድለትም። ከመስቀል ውረድ ሲሉት ያልወረደውን ጌታ ግን ያውቀዋልና፣ ለእርሱ ይሰግዳል።