ነሐሴ ላይ የማይከፈተው በር

ልጄ፣ የማቴሪያል ሳይንስ ልታጠኚ ወደ አዳማ እንደምትሄጂ እናትሽ ነገረችኝ። ሸክላና ሲሚንቶ ነው አሉ ልብሽ ያደረበት። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲጠርብና ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረ ግንበኛ ምን ሊመክር ነው ብለሽ አትሳቂ፤ አንቺ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትፈትኚው ነገር እኔን ሲፈትነኝ ኖሯል።

መጀመሪያ ጊንጪ ያለውን ቤታችንን አስቢ። በሩ ጥር ላይ በጣት ሲነኩት ይከፈታል፤ ነሐሴ ላይ በትከሻ ካልገፉት ወይ ፍንክች። ጥፋቱ የአናጢው አይደለም። ቤቱ የቆመው ኮቲቻ በምንለው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ልጆች ሳለን ስንጥቁ ውስጥ በትር እየሰደድን ጥልቀቱን እንለካ ነበር። ገበሬው ጠባዩን ስለሚያውቅ ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ እኛ ግንበኞች ነን የማንጠብቀው። አፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ስሜክታይት ይባላል። ቅንጣቱ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ስስ ነገር ነው፤ ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ያራርቃቸዋል። ኖራ ሲጨመርበት እብጠቱ እንደሚቀንስ የመንገድ መሐንዲሶች ያውቃሉ። እኔ ኖራን ለግድግዳ ቅብ ብቻ የተፈጠረ አድርጌ ነበር የማየው።

ከዚያ ገበያ ወጥተሽ ጀበናና ምጣድ ከሚሸጡት እናቶች አጠገብ ቁጭ በይ። በእኔ ዘመን በሠሩት ጀበና ቡና እየጠጣን እነሱን ከማዕዳችን እናርቅ ነበር። ነውሩ የኛ ነው። አንዷን እናት ምጣዷ ለምን እሳት ላይ እንደማይፈነዳ ጠየቅኋት። የተሰበረ ገል ፈጭታ ከጭቃው ጋር እንደምትለውስ ነገረችኝ፤ ገሉ አንዴ እሳት ስላየ ሌላው ሲኮማተር እሱ ጸንቶ ይይዘዋል። ለምድጃ የሚሆን የእሳት ጡብ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ። የሷ ግን ዲግሪ የለውም፤ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂና ጻፊላት።

ሌላም ጠይቂ፤ የተተኮሰ ሸክላ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ለምን ተመልሶ ጭቃ አይሆንም? እሳቱ ላይ ላዩን ያለውን እርጥበት ብቻ ሳይሆን ሸክላው በአፈጣጠሩ የያዘውን ውሃ ስለሚያወጣበት ነው። ካኦሊን የሚሉት ነጭ ሸክላ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሲተኮስ ደግሞ ከኖራ ጋር ተዋህዶ የሚጠነክር ዱቄት ይሆናል። ስዊዘርላንድ ሎዛን የሠሩት ካረን ስክሪቬነርና ኩባዊው ፈርናንዶ ማርቲሬና ከሕንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ኤልሲ3 የተባለውን ሲሚንቶ ያወጡት ከዚህ ተነስተው ነው፤ ግማሹ የተለመደው ሲሚንቶ ዋና ክፍል የሆነው ክሊንከር፣ 30 በመቶው የተተኮሰ ሸክላ፣ 15 በመቶው ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ የቀረው ጂፕሰም። ወዲህ ወደኛ ስንመጣ፣ ሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ክሊንከር እስኪሆን እስከ 1,450 ዲግሪ ድረስ ይተኮሳል። ከዚያ ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከማገዶው ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱ ነው። ክሊንከሩ በተቀነሰ ቁጥር ጭሱም ማገዶውም ይቀንሳል።

ታዲያ ደስ ሲልሽ የጊንጪን አፈር ሲሚንቶ አደርገዋለሁ ብለሽ ለገበሬው ቃል እንዳትገቢ። ኮቲቻ ካኦሊን አይደለም፤ ቢተኮስም የሱን ያህል አይሠራም። ደግሞም የጤፍ ማሳ ነው።

አንድ የራሴን ላውጣ። ጎረምሳ ሳለሁ የአንድ ሰው ቤት ወለል በቀትር ፀሐይ ለስኜ ሄድኩ። ሲሚንቶ እንደ ጭቃ ደርቆ የሚጠነክር ይመስለኝ ነበር፤ ውሃ ማጠጣቱን የባለቤቶች ሥራ አድርጌ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ብመለስ ወለሉ በጥፍር ይፋቃል። ባለቤቱ ሳያየኝ በጓሮ ወጣሁ፤ ገንዘቡንም አልመለስኩም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር እየተዋሃደ እንጂ ውሃ እያጣ አለመሆኑን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ውህደቱ ቀናት ስለሚፈጅም ነው የኮንክሪት ኪዩብ በ3፣ በ7፣ ደግሞም በ28 ቀን የሚሰበረው። አንቺም አማካሪሽ ውጤቱን ቶሎ አምጪ ሲልሽ የ7 ቀኑን ቁጥር አባዝተሽ 28 ነው አትበዪ። የተሰነጠቀውንም ናሙና አትጣይው፤ ቀኑን፣ የውሃውን ልክ፣ የምድጃውን ሙቀት ጽፈሽበት አስቀምጪው።

ነሐሴ ላይ ስትመጪ እኔ እርሻ ላይ ልሆን እችላለሁ። በሩን አንኳኩተሽ አትቁሚ፤ በትከሻሽ ገፋ አድርጊው።