ብረቱ ቢቀየርም ያው መኪና

እ.ኤ.አ. በ1990 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመረመረው አንድ የሽያጭ ክርክር የፈላስፎች ጥያቄ ነበር። በ1929 እና በ1930 የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ቤንትሌይ፣ «ኦልድ ነምበር ዋን»፣ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጥ ከታሰበ በኋላ ገዥው ወገን እውነተኛው መኪና አይደለም ብሎ አፈገፈገ። ለመጠራጠር ምክንያት አላጣም። ከድሉ በኋላ መኪናው 8 ሊትር ሞተር ተገጠመለት፤ በ1932 ብሩክላንድስ በተባለው የውድድር ሜዳ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ሹፌሩ ክላይቭ ደንፊ ሞተ፤ የተረፈው ተጠግኖ ኩፔ ሆነ። ከ1929ኙ ብረት የቀረው ጥቂት ነው። ዳኛው ኦተን ግን ታሪኩን ከደረጃ ደረጃ ተከታትለው ለሻጩ ፈረዱ።

ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ በ17ኛው መቶ ዘመን ሳንቆቹ አንድ በአንድ ስለተተኩለት የቴሴውስ መርከብ ሲጽፍ፣ ተነቅለው የተጣሉት ሳንቆች ተሰብስበው ሌላ መርከብ ቢሠራባቸው ቴሴውሳዊው የትኛው ነው ብሎ ነበር። ቁሳቁሱን ብቻ ለሚያይ ሰው ጥያቄው መውጫ የለውም። የባለቤትነትን ታሪክ የሚከተል ግን ልዩነቱን ያየዋል፦ አንደኛው መርከብ አንድም ቀን መርከብነቱ ሳይቋረጥ ተጠግኗል፤ ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ የእንጨት ክምር ነበር። ቤንትሌዩም በየጊዜው የአንድ ሰው መኪና ነበር፤ የጠገነውም ሁሉ የጠገነው ያንኑ መኪና ነው።

ወረቀት ይጭበረበራል፣ የሻንሲ ቁጥርም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ሊብሬ የታሪኩ ምስክር እንጂ ታሪኩ ራሱ አይደለም። የጋራዥ ደረሰኝ፣ የውድድር መዝገብና ፎቶግራፍ በተለያየ እጅ ስለሚዘጋጁ፣ ሐሰቱን የሚያጋልጠውም እነዚህን እያመሳከሩ ታሪኩን መከታተል ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ገዥው የፈለገው አሸናፊው አሽከርካሪ ዎልፍ ባርናቶ በድሉ ቀን የጨበጠውን መሪ ከሆነስ? ያን ጊዜ የሚፈልገው ቅርስ ብረት ነው፤ የባለቤትነት ሰንሰለት ይህን ሊሰጠው አይችልም። ሻጭም ያው መኪና ነው ማለት ይችላል፣ ያው ብረት ነው ማለት ግን አይችልም። ለሻጩም ቢሆን ሰንሰለቱ የሚጣፍጠውን ብቻ መርጦ አያስቀርም፤ መኪናው የ1930ው አሸናፊ ከሆነ፣ ደንፊ የሞተበትም እሱ ነው።