የተወጋ ሐኪም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ቢላ የሚይዘው ቀዶ ሐኪም ራሱ ተጎድቶ የሚያውቅ ከሆነስ? የታካሚውን ሕመም ይበልጥ ይረዳል ማለት ነው?

አሜሪካዊው ኤሪክ ሃይደን እ.ኤ.አ. በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ፣ በፍጥነት የበረዶ ሸርተቴ ከ500 እስከ 10,000 ሜትር ያሉትን አምስት የወንዶች ውድድሮች በሙሉ አሸነፈ። በኋላ ወደ ብስክሌት ዞሮ፣ በ1986ቱ ቱር ደ ፍራንስ ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ ውድድሩን አቋረጠ። ከዚያም በስታንፎርድ ሕክምና ተምሮ እንደ አባቱ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሆነ።

በዚህ መንገድ የመጣ ሐኪም ጉዳትን ከመጽሐፍ ብቻ አያውቅም። ነገር ግን የራሱ ተሞክሮ ሊያሳስተውም ይችላል። ስፖርተኛ ሕመምን ችሎ ወደ ሜዳ መመለስን ለምዷል፤ ታካሚው ሁሉ ግን ሜዳ የለውም። አንዲት እናት ከጉልበቷ የምትፈልገው ለስግደት መንበርከክን ሊሆን ይችላል። የጉልበት መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ከተተካ በኋላ ደግሞ መንበርከክ ለብዙዎች ይከብዳል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካልጠየቃት፣ እሱ ተሳካ የሚለው ቀዶ ጥገና ለእሷ ያልተሳካ ይሆናል። ይህን ኤክስሬይ አያሳይም።

እውነት ነው፣ የተወጋ አይረሳም፤ የማይረሳው ግን የራሱን ቁስል ነው። የሌላውን የሚያውቀው ጠይቆ ሲያዳምጥ ነው።