የተራበ ሰው ትንሹን ዓሣ እንዲለቅ ልንጠይቀው ይገባናልን?

ከሶዶ ተነሥቶ፥ ሁምቦን አልፎ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ በስተግራው የአባያን ሐይቅ ያያል። ውኃው ሰማያዊ ሳይሆን ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ይህን ቀለም የሰጠው የብላቴ ወንዝና ሌሎች ጅረቶች ከላይኛው አገር እየጠረጉ ያወረዱት አፈር ነው። በዚህ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ እያጠመዱ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ወገኖች አሉን። በጎረቤቱ በጫሞ ሐይቅ ነጭ ዓሣ ከልክ በላይ በመጠመዱ ምርቱ እጅግ መቀነሱ የታወቀ ነው፤ አባያም ከዚህ ሥጋት ነጻ አይደለም።

ዓሣ ሲያንስ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ የመረቡ ዓይን ሰፊ ይሁን፤ ትንሹ ዓሣ ይለቀቅ፤ በመራቢያው ወራት ሐይቁ ይረፍ። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 315ም ዓላማው ሀብቱ እንዲጠበቅ ነው። ምክሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ልጆቹ በቤት የሚጠብቁትን ድኻ፥ «ይህን ዓሣ ስለ ነገ ብለህ ልቀቀው» ለማለት እኛ ማን ነን?

በኦሪት ዘዳግም (22፥6-7) የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ፥ ይልቁንም እንዲለቃት ታዟል። ሕጉ መብላትን አልከለከለም፤ የከለከለው የመብልን ምንጭ ማጥፋትን ነው። ቆሮሶም እንደዚህችው ወፍ ናት። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሎቿን በአፏ ሰብስባ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ትጠብቃቸዋለች፤ በእነዚያም ቀናት እምብዛም አትበላም። እርሷን በዚያ ጊዜ ያጠመደ ሰው የወሰደው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም።

በሌላ በኩል ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ፥ በብርቱ ችግር የተያዘ ሰው ነፍሱን ለማትረፍ ከሌላው ሀብት ቢወስድ እንደ ሌባ እንደማይቆጠር አስተምሯል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 የምድር በረከት ለሰው ልጆች ሁሉ የተሰጠ መሆኑን አጽንቶ ተናግሯል። «ለሰው ልጆች ሁሉ» ስንል ደግሞ ገና ያልተወለዱት፥ በሸንጎ ቆመው ስለ ድርሻቸው ሊከራከሩ የማይችሉት ጭምር ናቸው። እንግዲህ ዛሬ የተራበው መብት አለው፤ ነገ የሚወለደውም መብት አለው። ሁለቱን የሚያስታርቀው አንድ መንገድ ብቻ ይመስለናል፤ ይኸውም የመታቀብን ሸክም በዓሣ አሥጋሪው ትከሻ ላይ ብቻ ከመጣል ይልቅ በጋራ መሸከም ነው።

በመጀመሪያ ደገኛው ገበሬ ይሸከም። ሐይቁን በዓይኑ አይቶት አያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ከእርሻው የተጠረገው አፈር ዓሣ በሚራባበት ውኃ ውስጥ ይወርዳል። እርከን የሠራ ገበሬ ለማያውቀው ዓሣ አሥጋሪ ሠርቷል። ይህ እንደሚቻል ሁምቦ ምስክር ናት። በዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከምንጣሮና ከልቅ ግጦሽ በተከለለ ጊዜ፥ የሞቱ ይመስሉ የነበሩት ጉቶዎች አቆጠቆጡ። አብዛኛው ዛፍ እንደ አዲስ አልተተከለም፤ እንዲያድግ ተተወ እንጂ። ሕዝቡም በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝቷል። ከመቍረጥ የታቀበው ሰው ባዶ እጁን አልቀረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ተሸካሚ በላተኛው ነው። በአሜሪካ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ኦይስተር የሚባለው በቅርፊት የተሸፈነ የባሕር እንስሳ ያለ ልክ በመለቀሙ ቍጥሩ እጅግ ተመናምኖ ነበር። ጫጩቱ በአሮጌ ቅርፊት ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በምግብ ቤት ተበልቶ የቀረው ቅርፊት እየተሰበሰበ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። የበላው ሰው የሚመልሰው ነገር አለ ማለት ነው። እኛስ? በጾም ወራት ሥጋ ስንተው የዓሣ ገበያ ይደራል። ከሥጋ መታቀባችን በሐይቁ ላይ ጫና የሚጨምር ከሆነ፥ ጾማችንን ልንመረምረው ይገባል። በገበያ ላይ ገና ያልደረሰውን ዓሣ አለመግዛትም ጾም ነው።

ጾም ያተረፈው ለድኻ እንዲሰጥ አባቶቻችን አስተምረውናል። እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን በየቁምስናቸው ቢያወያዩበት መልካም ነው፦ በሐይቁ ዳር ያሉ ወንድሞቻችን በመራቢያው ወራት መረባቸውን ለማንሣት ቢስማሙ፥ እኛ የደጋዎቹ ከጎተራችን ምን እናዋጣለን? ይህን ጥያቄ ሳንመልስ ለተራበው ሰው ስለ ነገ ብንሰብክለት ቃላችን ክብደት አይኖረውም። ከመለስነው ግን ትንሹን ዓሣ እንዲለቅ ልንጠይቀው ይገባናል፤ እርሱም እኛን አፈራችሁን ጠብቁ ብሎ ሊጠይቀን ይገባዋል።

ውኆችን በሕያዋን ፍጥረታት የሞላ አምላክ የመካፈልን ልብ ይስጠን። አሜን።