ሰጪ የሌለው አደራ



አደራ ማለት አንድ ሰው ገንዘቡን፣ ልጁን ወይም ምስጢሩን በሌላው እጅ አስቀምጦ «እስክመለስ ጠብቅልኝ» ሲል በሁለቱ መካከል የሚጸና ቃል ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት አደራ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፤ እነርሱም ሰጪ፣ ተቀባይና የሚጠበቅ ነገር ናቸው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ የቃሉን ክብደት ነግረውናል። አደራ በላ መባልም ሌባ ከመባል የከፋ ነው፤ ሌባ የማያውቀውን ሰው ንብረት ሲወስድ አደራ በላ ግን ያመነውን ሰው ይከዳልና።

ነገር ግን ሰጪው ሳይኖር አደራ ሊኖር ይችላልን? ባለቤቱ የረሳውን ወይም ትቶት የሄደውን ነገር ማንም «ጠብቅ» ሳይለው የሚጠብቅ ሰው ባለአደራ ይባላልን? ወይስ የሌላውን ንብረት በፍቅር ስም የያዘ ቀማኛ ነው? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በክልላችን በጉባ ወረዳ ከተመረቀ ወዲህ በአሶሳ የምንገኝ እኛ ወጣቶች «የሠሩት ሠርተውታል፤ የእኛ ድርሻስ ምንድር ነው?» እየተባባልን ስንወያይ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። ወደ ግድቡ ኋላ እንመለሳለን። በቅድሚያ ግን ነገሩ በጉልህ የሚታይበትን አንድ አነስተኛ ምሳሌ እናቀርባለን። ምሳሌው ከቪዲዮ ጨዋታ የተወሰደ በመሆኑ ፈገግ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም በትንሹ ነገር ትልቁን መመርመር ይቻላል።

፩. ስለ አንዲት መንኮራኩር

ግራዲየስ የተባለው ጨዋታ ኮናሚ በተሰኘው የጃፓን ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ። ተጫዋቹ ቪክ ቫይፐር የምትባል አንዲት መንኮራኩር ይነዳል። ሰማዩ ከቀኝ ወደ ግራ ሳያቋርጥ ይንሸራተታል፤ ጠላት ከፊት ይመጣል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከተመቱት ጠላቶች አንዳንዶቹ ትንሽ እንክብል ጥለው ይጠፋሉ። ተጫዋቹ እንክብል በለቀመ ቁጥር በገጹ ግርጌ ያለው ምልክት አንድ ቤት ወደ ፊት ይራመዳል፤ ፍጥነት፣ ሚሳይል፣ ጨረር፣ አጃቢ፣ ጋሻ እያለ ይሄዳል። ወዲያው ቢያወጣው ትንሹን ያገኛል፤ ቢታገሥ ትልቁን ያገኛል፤ ነገር ግን እየታገሠ ሳለ ሳይታጠቅ ሊሞት ይችላል። አንድ ጊዜ ከተመታም የሰበሰበው ሁሉ በቅጽበት ይወሰድበታል። ጨዋታው ከሌሎች ተኩስ ጨዋታዎች ተለይቶ በብዙዎች ልብ የቀረው በዚህ የምርጫ ፈተናው ነው።

ጨዋታው በጃፓን መጀመሪያ የወጣበት መሣሪያ ራሱ የሚያስገርም ነው። መረጃው የተቀመጠው በማግኔት ኃይል በሚሠራ፣ የአረፋ ማኅደር ልንለው በምንችል ዕቃ ላይ ነበር። ይህ ዕቃ ካልሞቀ አይሠራም። ስለዚህ ጠዋት መሣሪያው ሲከፈት ማኅደሩ እስኪሞቅ ድረስ ቁጥር ወደ ታች እየተቆጠረ ለስለስ ያለ ዜማ ይሰማ ነበር፤ ወዳጆቹም እስከ ዛሬ «የማለዳው ሙዚቃ» ይሉታል። ዕቃው በቀላሉ የሚበላሽ በመሆኑ ኩባንያው ራሱ ጨዋታውን ቆይቶ ወደ ተራ ማኅደር አዛወረው። እንግዲህ አስቡት፤ የመጀመሪያው ግራዲየስ የተጻፈበት ብራና ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሊጠፋ የተዘጋጀ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ማን ጠበቀው? በየአገሩ የሚኖሩ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ወዳጆቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣልያናዊ ማሜ የሚባለውን ፕሮግራም ጀመረ። የዚህ ፕሮግራም ሥራ የድሮ መጫወቻ መሣሪያዎችን ጠባይ አጥንቶ በተራ ኮምፒዩተር ላይ እንደገና እንዲኖሩ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አሮጌ ሰሌዳ እየገዙ፣ እየፈቱና መረጃውን እየገለበጡ ዕውቀታቸውን አዋጥተውበታል።

ሌላም ምሳሌ አለ። የቤት መጫወቻ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ግራዲየስ ሦስት በመሣሪያው ደካማነት የተነሣ ጠላት ሲበዛ ይጎተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ወጣት ብራዚላዊ ፕሮግራመር፣ በዚያው ዘመን በአንዳንድ ካሴቶች ውስጥ ይገባ የነበረ ፈጣን ረዳት ፕሮሰሰር እንዲጠቀም አድርጎ የጨዋታውን ትእዛዞች አስተካከለና መጎተቱን አስወገደው። ከተሠራ ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ያሠራጨው ጨዋታውን አይደለም። ጨዋታው ያለው ሰው ብቻ ሊጠቀምበት የሚችለውን ማስተካከያ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ይጠቅመናል።

በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣም አለ። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የተባለው የኩባንያው ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1986 ጨዋታውን ለቤት መጫወቻ ሲያዘጋጅ፣ ለመፈተን ከብዶት መሣሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስታጥቅ ምስጢራዊ የቁልፍ ቅደም ተከተል አስገባ፤ ይኸውም ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ከዚያም ቢ እና ኤ ነው። ሳይወጣ ቀርቶ በጨዋታው ውስጥ ተረሳ። ልጆች ግን አገኙት፤ እርስ በርሳቸውም ተነጋገሩት። ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ሲያርፍ፣ ጨዋታውን ነክተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ያን ቅደም ተከተል በቃላቸው ያውቁት ነበር።

፪. ሌባ ወይስ ባለአደራ?

በውይይታችን ከመካከላችን አንዳንዶቹ እንዲህ አሉ፤ «ንብረት ንብረት ነው። ባለቤቱ ቢተወውም የእርሱ ነው። ጎረቤቴ ቤቱን ዘግቶ ውጭ አገር ቢኖር፣ ቤቱ ባዶ ስለሆነ ብቻ ገብቼ ልኖርበት አይገባኝም።» ሕጉም ከእነርሱ ጋር ነው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል፤ የአመንጪው መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የጸና ነው። በውጭም ቢሆን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጨዋታዎችን በርቀት ለተመራማሪዎች እንዲያሳዩ የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለውም።

ሌሎቹ ደግሞ መለሱ፤ «የጎረቤትህ ጣሪያ በክረምት ሲያፈስና ግድግዳው ሊወድቅ ሲል፣ ወጥተህ ቀዳዳውን ብትደፍንለት ሌባ ነህን?» እነዚህም ማስረጃ አላቸው። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች መካከል 87 በመቶው በገበያ እንደማይገኙ ተመልክቷል። ስለዚህ ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ ቤት ባለቤቱ ዘግቶት የሄደ ነው፤ ክረምቱም እየዘነበ ነው።

እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል። ልዩነቱ በሩን ማለፍ አለማለፉ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው ገብቶ የሚሠራው ነገር ላይ ነው። አንዱ ገብቶ ጣሪያ ይደፍናል፤ ሌላው ገብቶ ምድጃውን አንድዶ «ቤቴ ነው» ይላል። ሁለቱን ለመለየት ሦስት መመዘኛዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ባለአደራ የሠሪውን ስም አይፍቅም። ጠብቆ ያቆየውን ነገር «የእኔ ሥራ ነው» የሚል ሰው የጠበቀው ክብሩን እንጂ ነገሩን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባለአደራ በአደራው አይነግድም። በየሱቁ የሰው ዘፈን፣ ፊልምና ጨዋታ በሚሞሪ ካርድ እየተጫነ ሲሸጥ እናያለን። ዛሬ በገበያ የሚገኘውን፣ ሠሪውም የሚተዳደርበትን ሥራ ገልብጦ እየሸጠ «እየጠበቅሁት ነው» የሚል ሰው ቃሉን ያረክሰዋል። የሚያፈስ ጣሪያ በሌለበት ጣሪያ ደፋኝ የለም።

ሦስተኛ፣ ባለአደራ ባለቤቱ ሲመለስ ይመልሳል። ይህ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የያዙት ነገር የራስ መምሰሉ አይቀርምና። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ኮናሚ የድሮዎቹን የግራዲየስና የሳላማንደር ጨዋታዎች አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ሳላማንደር ሦስት የተባለ አዲስም ጨምሮ ዳግመኛ ለገበያ አቀረበ። እነሆ ባለቤቱ ተመልሶ በሩን አንኳኳ። ያን ጊዜ «ለዓመታት በነጻ ይዤዋለሁና አሁን አልገዛም» ማለት የባለአደራ ቃል አይደለም። ባለቤቱም በበኩሉ ዕዳ አለበት። ሲመለስ የሚገዛለት ሰው ያገኘው በሌለበት ዘመን የጨዋታውን ስም በሕይወት ያቆዩለት ሰዎች ስለነበሩ ነው፤ ጣሪያውን የደፈነለትን ጎረቤት በሌብነት ሊከስ አይገባውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ባለአደራ የተረከበውን ማረም ይፈቀድለታልን? የግራዲየስ ሦስት መጎተት ሲወገድ አንዳንድ ተጫዋቾች «ያ መጎተት እኮ ለማሰብ ጊዜ ይሰጠን ነበር፤ አሁን ከበደን» ብለዋል። ጥፋት የሚመስለውም የነገሩ አካል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መልካም አራሚ የቀድሞውን ሳያጠፋ እርማቱን በአጠገቡ ያስቀምጣል። ብራናው ላይ ያለውን ሳይፍቅ በኅዳጉ የሚጽፍ ጸሐፊ ይህን ያውቃል።

፫. ጨዋታ መጠበቅ ይገባዋልን?

ታላላቆቻችን «ለተኩስ ጨዋታ ይህን ያህል መድከም ለምን? ጊዜስ አይባክንምን?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ቀኑን የሚፈጅ ተማሪ መኖሩን እኛም እናውቃለን። ጨዋታን መጠበቅና በጨዋታ መጠመድ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ጠጅ የሚጥል ሁሉ ሰካራም አይደለም።

ደግሞም የአንድ ዘመን ሰው ለሚመጣው ዘመን የሚጠቅመውን በሙሉ አያውቅም። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ የአባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ አገራችን መጥቶ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ባደረሰው ጊዜ መጽሐፉ በዚያ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። በሙሉ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ያን ያቆዩት ሰዎች መጽሐፉን አልደረሱትም፤ ስለ ሌላው ዓለም መርሳትም አልሰሙም። ፍየል አርደው፣ ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የፊተኛው ያቆየውን ለኋለኛው ገለበጡ። ጨዋታን ከመጽሐፍ ጋር ማስተካከላችን አይደለም። የምንለው የመጠበቅ ሥራ መልኩ አንድ ነው ነው፤ ሠሪው አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ጠባቂው ግን በየትውልዱ እንደገና መጀመር አለበት። ገበጣም ቢሆን መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚጫወት ልጅ በየዘመኑ ባይነሣ ኖሮ ዛሬ ስሙ ብቻ በቀረን ነበር።

፬. ወደ ግድቡ እንመለስ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ 14 ዓመት ፈጅቶ ተፈጸመ። ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,780 ሜትር ነው፤ 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት ተሠርቷል። ቦንድ የገዛው ገበሬና የቀን ሠራተኛ፣ በጉባ ሐሩር ኮንክሪት ያፈሰሰው ወጣት ሁሉ ሠሪ ነው፤ ይመሰገናል። ነገር ግን ማንም ሠሪ ግድብን ለዘለዓለም ሠርቶ አይጨርስም። አባይ አፈር ይዞ ይወርዳል። ከእኛ በታች በሱዳን ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተፈጸመው የሮዛሬስ ግድብ በዚሁ ደለል የተነሣ ከመጀመሪያው መያዣው ከሲሶ በላይ አጥቷል፤ በኋላም ግድግዳውን ከፍ ማድረግ አስፈልጓል። ደለሉ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ጠላትም አይመስልም። የማኅደሩ መበላሸት ድምፅ እንደሌለው ሁሉ የአፈርም መሸርሸር ድምፅ የለውም።

በእርግጥ ግድቡ በሕግ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት አለው። ለእኛ ለተማሪዎች ወረቀት ፈርሞ «ጠብቁ» ያለን የለም። በዚህ አንጻር የእኛም አደራ ሰጪ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን በትክክል ብንመረምረው ሰጪ አለው፤ ብቻ አልተናገረም። የልጁን ደብተር መግዣ ቀንሶ ቦንድ የገዛው ሰው ሰጥቶናል። ውኃው እንዲተኛ የአያቶቹን መንደርና እርሻ የለቀቀው የጉባ ነዋሪ ከሁሉ አብልጦ ሰጥቶናል፤ የእርሱን ኑሮ መቃናት መከታተልም ከአደራው አንዱ ክፍል ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። አደራ የሚጀምረው ከሰጪው አፍ ብቻ አይደለም፤ ሊጠፋ ያለ መልካም ነገር አይተን መጠበቅ እየቻልን ከሆነ አደራው ደርሶናል። ባለቤትነት ግን አልደረሰንም። የሥልጣን ፈቃድ ሳይሆን የሥራ ግዴታ ነው የተቀበልነው። የግራዲየስ ወዳጆች ይህን በአንዲት ትንሽ መንኮራኩር ላይ አድርገው አሳይተዋል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚመጣው ክረምት ችግኝ ለመትከል ስንወጣ፣ የተከልነውን ደግሞ በበጋ ሄደን ውኃ እናጠጣው። መትከል ፎቶግራፍ አለው፤ ማጠጣት የለውም። የምሕንድስናና የመካኒክ ትምህርት የምትከታተሉም ተርባይን መሥራትን ብቻ ሳይሆን መጠገንንም ተማሩ። በየቤታችሁ ያለውን የአያት ታሪክ፣ የድሮ ካሴትና ፎቶግራፍ ማንም ሳያዛችሁ አስቀምጡ፤ የባለቤቱንም ስም በጀርባው ጻፉበት።